ፋን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለትልቅ የግቢ ግሪን ሃውስ የአየር ማናፈሻ አመራረጥ

ግቢው ውስጥ ግሪን ሃውስ ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፋን ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ፋኑ ትንሽ ይቆይ። አዲስ አበባ መሀል ከተማ ለሚሠራ ቤት ገንዘብ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለጣሪያ መክፈቻና ለጎን መጋረጃ ነው። ፋን ሁለተኛ ነው። ኩሊንግ ፓድ የሚባለው የውሃ ማቀዝቀዣ ደግሞ ጭራሽ ባይገዛ ይሻላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እዚህ ከተማ የውጭው አየር ራሱ ማቀዝቀዣ ነው። በየካቲትና በመጋቢት፣ ሞቀን ብለን በምናማርርበት ሰሞን እንኳ፣ ቀትር ላይ ውጭ ያለው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለቲማቲምና ለቃሪያ ይህ ሠርግና ምላሽ ነው። ጣጣው ያለው ላስቲኩ ውስጥ ታስሮ የቀረው አየር ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ ፀሐይዋ ትከብዳለች። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቀትር ሲሆን አናታችን ላይ ነው የምትቆመው። እንዲህ ባለ ቀን ተዘግቶ የዋለ የላስቲክ ቤት ከ40 ዲግሪ ለማለፍ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። ስለዚህ የእኛ ሥራ የሞቀውን ቶሎ አስወጥቶ የውጭውን ማስገባት ነው። የምትገዙት ዕቃ ሁሉ በዚህ ይመዘን።

ቤቱን ለኩ፣ ነፋሱን እዩ

ሜትር ያዙና ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን ጻፉ። ቁመት ስል የግድግዳውንና የአናቱን አማካይ ነው። ግድግዳው 2 ሜትር ተኩል፣ አናቱ 3 ሜትር ተኩል ከሆነ 3 ሜትር ብላችሁ ያዙት። እዚህ ለምሳሌ የምጠቀመው 6 በ12 ሜትር የሆነ ቤት ነው። ወለሉ 72 ካሬ ሜትር፣ ውስጡ ያለው አየር ደግሞ 216 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለመኖሪያ ግቢ ትልቅ ነው። ቀበና ወይም አራት ኪሎ አካባቢ የቀሩት የድሮ ሰፋፊ ግቢዎች ግን ይችሉታል። ቋሚ ብረት የምትተክሉ ከሆነ ቁፋሮ ከመጀመራችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ፤ በኋላ ከመነታረክ ይሻላል።

ቁመት ላይ አትሰስቱ። ዝቅ ያለ ቤት ቶሎ ይሞቃል። ከፍ ያለው ግን ሞቃቱን አየር ከአትክልቱ አናት በላይ ያቆየዋል፣ ጣሪያው ሲከፈትም በደንብ ይስባል። ብረቱ ገና ካልተበየደ ቱቦላሬውን ግማሽ ሜትር ማስረዘም ከማንኛውም ፋን ይረክሳል፤ መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

ነፋሱን ለማወቅ ቤቱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ትከሉና ጫፉ ላይ የፌስታል ቁራጭ እሰሩ። ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። በበጋ ነፋሱ በብዛት ከምሥራቅ በኩል ነው። ክረምት ሲገባ አቅጣጫው ይቀየራል። መሀል ከተማ ግን ጎረቤት የቆመ ፎቅ ነፋሱን ያጣምመዋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይከለክለዋል። ከስልካችሁ የአየር ትንበያ ይልቅ ፌስታሉን እመኑ።

የጣሪያና የጎን መክፈቻ

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን መክፈቻ ጣሪያ ላይ፣ ሌላ ያን ያህል ደግሞ ጎን ላይ። ለ72 ካሬው ቤት 20 በመቶ ማለት 14 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አናቱን ተከትሎ በ12 ሜትሩ ርዝመት ሙሉ የሚሄድ፣ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው መክፈቻ ልክ ይመጣል። ጎንና ጎን ደግሞ 1 ሜትር ከፍታ ያለው መጋረጃ ቢጠቀለል 24 ካሬ ይሰጣል፤ ትርፉ በኋላ መረብ ሲገባ ያስፈልጋችኋል።

ሁለቱም የሚያስፈልጉት አየሩ በራሱ እንዲጓዝ ነው። የሞቀው ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተካዋል። ነፋስ ባይኖርም ይሠራል። ጎኑ ብቻ ከተከፈተ ከአናት ያለው ሙቀት መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀመጣል። ሆለታና ሰበታ አካባቢ ያሉትን የአበባ እርሻዎች ከመንገድ ላይ አይታችሁ ከሆነ፣ ብዙዎቹ የላስቲክ ቤቶች ጣሪያቸው ላይ ረጅም ክፍተት አላቸው። በሄክታር የሚቆጠር ጽጌረዳ የሚበቅለው በአብዛኛው በዚሁ በተፈጥሮ አየር ነው። እነሱ ያዋጣቸውን እኛ ለ72 ካሬ ምን እንጨነቃለን?

ለጣሪያው ሦስት ምርጫ አላችሁ።

አንደኛው ሁልጊዜ ክፍት የሆነው ነው። የጣሪያው አንድ ጎን ከሌላው ከፍ ተደርጎ ይሠራል፣ መሀሉ ላይ የሚቀረው ክፍተት በመረብ ይሸፈናል። ከላይ ያለው ላስቲክ የታችኛውን 40 ሳንቲ ያህል ካልተሻገረው በነፋስ የሚመጣ ዝናብ ይገባል። ዲናሞ የለው፣ የሚሰበር የለው፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ጉድለቱ ሌሊት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ 6 እና 7 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቲማቲም ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ያኮርፋል። ስለዚህ ክፍተቱን ማታ የሚዘጋ፣ በገመድ የሚወርድ የላስቲክ መጋረጃ ጨምሩበት።

ሁለተኛው በማጠፊያ የሚከፈት ረጅም ክዳን ሆኖ በጥርስና በእጀታ የሚነሳው ነው። ጥሩ በያጅ ካላችሁ እዚሁ ይሠራላችኋል። ክዳኑ የሚከፈተው ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ይሁን። ነፋሱን ፊት ለፊት ከተቀበለ፣ በልግ ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነሳው ወጀብ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ይጥለዋል። በጀርባው ሲከፈት ግን ያው ነፋስ ሞቃቱን አየር እየሳበ ያወጣዋል። በረዶ በሚጥልበት ሰሞንም ቶሎ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ እጀታውን 50 ጊዜ አዙሩ የሚል ነገር ዝናብ ሲመጣ ያበሽቃል።

ሦስተኛው ሰም ያለበት ሲሊንደር ነው። ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና ዘንጉን ይገፋል፣ መስኮቱ ይከፈታል፤ ሲበርድ ይመለሳል። መብራት አይፈልግም። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚያነሱት 7 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ለመንቀሳቀስም ሩብ ሰዓት እና ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ለትንሽ መስኮት ይሆናሉ። የ12 ሜትር ክዳን ላይ አትሞክሯቸው።

የጎኑ መጋረጃ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ላስቲኩ የታችኛው ጫፍ ላይ ቧንቧ ታስሮ በእጀታ ይጠቀለላል፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከመሬት 40 ወይም 50 ሳንቲ ድረስ ያለው ላስቲክ ቋሚ ይሁን። ያለዚያ ብርዱ ችግኙን ይመታዋል፣ የዝናብ ፍንጣቂውም አፈሩን ቅጠል ላይ ይለጥፈዋል።

መረቡ የሚቀማችሁን አየር አስቡ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ክፍት ቦታውን በትክክል ሠርቶ፣ ከዚያ ነጭ ዝንብ እንዳይገባ ብሎ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይወጥርበታል። ባለ 50 ቀዳዳ የሚባለው መረብ ነጭ ዝንብን ይከለክላል፤ 50 ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ነው። ትሪፕስ የሚባለውን በጣም ደቃቅ ነፍሳት ለመከልከል ከዚህም የደቀቀ ያስፈልጋል። ቀዳዳው በደቀቀ ቁጥር ግን አየሩም ይታገዳል። መረብ የሚወጠርበት መክፈቻ ከተሰላው ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ስፋት ያለው መረብ ቢያገኝ ጥሩ ነው።

ግድግዳው ሳይሰፋ መረቡን እንዴት ማስፋት ይቻላል? ወደ ውጭ የሚወጣ ሳጥን ሥሩለት። ከመስኮቱ ፊት 1 ሜትር ወጣ ያለ የቱቦላሬ ፍሬም ታቆማላችሁ፣ ፊቱንም ጎኖቹንም ላዩንም መረብ ታለብሱታላችሁ። ቦታ ካለ በጣም ይሠራል። ሌላው አማራጭ ጣሪያው ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው መረብ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የደቀቀውን ማድረግ ነው፤ ከታች የሚገባው ነፍሳት ይበዛልና።

መሀል ከተማ ሌላም ጠላት አለ፤ አቧራ። ግንባታው፣ መንገዱ፣ የሚፈርሰው አጥር፣ ሁሉም ተደምሮ የደቀቀ መረብ በበጋ ቶሎ ይደፈናል። መረቡን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ እዩት። ቡናማ ግድግዳ ከመሰለ አየር አያስገባም። ከውስጥ ወደ ውጭ በውሃ እጠቡት፣ በብሩሽ አትፈትጉት።

አሁን ወደ ፋን፦ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

ቤታችሁ አራት ጎኑ ክፍት ከሆነና ጣሪያው በደንብ ከተከፈተ አያስፈልጋችሁም። 30 በመቶ የሚጋርድ ሼድ ኔት ከላስቲኩ በላይ ጨምሩና ቀሪውን ገንዘብ ኪሳችሁ አስቀምጡት። ኔቱ ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ይሁን፤ ከውስጥ ከሆነ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚይዘው።

ፋን የሚያስፈልገው ቤቱ ከአጥርና ከፎቅ መሀል ተጣብቆ አንዱ ጎን ሲዘጋ ነው። ወይም ነፍሳት እንዳይገባ ሁሉም ቦታ ደቃቅ መረብ ሲወጠር። ችግኝ የሚያፈላ ሰውም ሙቀቱን በትክክል መያዝ ስላለበት ያስፈልገዋል። ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ካላችሁ ወደ ሒሳቡ እንግባ።

የከፍታው ሒሳብ

የተለመደው መለኪያ የቤቱ አየር በየደቂቃው አንዴ ሙሉ በሙሉ መለወጡ ነው። የእኛ ቤት 216 ሜትር ኩብ ስለሆነ በደቂቃ 216፣ በሰዓት 13,000 ሜትር ኩብ ገደማ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ግን የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ ከባሕር ጠለል አየር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋኑ የሚያወጣው መጠን አይቀንስም፣ አየሩ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ግን ይቀንሳል። ስለዚህ 13,000ን በ1.3 አባዙት። 17,000 ገደማ ይመጣል። የእናንተ ቁጥር ይህ ነው። የውጭ አገር ካታሎግ ወይም የውጭ አገር ቪዲዮ ተከትሎ የገዛ ሰው ቀትር ላይ ፋኑ እየሠራ ቤቱ የሚግልበት አንዱ ምክንያት ይህን ማባዛት መርሳቱ ነው።

በ17,000 ምን ታገኛላችሁ? ውጭ 25 ዲግሪ ሆኖ ፀሐዩ ሲበረታ ውስጡ 31 አካባቢ ይሆናል። ሼድ ኔት ከተጨመረ 29 ይወርዳል። ከውጭው በታች ፋን ብቻውን በፍጹም አያወርድም፤ «ያቀዘቅዛል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

መግቢያውንም አስሉ። አየሩ ሲገባ በሴኮንድ ከ1 ሜትር ከ25 ሳንቲ በላይ ባይፈጥን ይመረጣል። 17,000ን ለ3,600 ስታካፍሉት በሴኮንድ 4.7 ሜትር ኩብ ነው። ያንን ለ1.25 ስታካፍሉ ወደ 3.8 ካሬ ሜትር መግቢያ ይሆናል። ደቃቅ መረብ ካለበት እላይ እንዳልኩት ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ። መግቢያው ከጠበበ ፋኑ ላስቲኩን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ዲናሞውም ያለ ጥቅም ይለፋል።

መርካቶ ስትወርዱ

ሱቅ ውስጥ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦

«ወንድሜ፣ ይሄ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ያወጣል?»

«እሱማ ኃይለኛ ነው! የዶሮ ቤት ያላቸው ሁሉ የሚወስዱት እሱን ነው።»

«እሺ፣ እስቲ ዲናሞው ላይ የተለጠፈውን ልየው።»

ዲናሞው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቆርቆሮ ስልካችሁን አብርታችሁ አንብቡ። የምትፈልጉት የሚከተለውን ነው።

ቮልቱ 220፣ ሄርዙ 50 መሆን አለበት። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ፋን ብዙውን ጊዜ 110 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቢገዛለት እንኳ 50 ሄርዝ ላይ ሲዞር ፍጥነቱ በስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል፣ ዲናሞውም ይግላል። ስጦታ ነው ብላችሁ አትግጠሙት።

ፌዙን እዩ። ለዶሮ እርባታ የሚሸጠው እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር ከ38 ሳንቲ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን ፋን ርካሽ ስለሚመስል ያጓጓል። 1.1 ኪሎ ዋት ዲናሞ ያለው በሰዓት 44,000 ሜትር ኩብ ገደማ ያወጣል። ለ216 ሜትር ኩብ ቤት ይህ ከልክ ያለፈ ነው፤ ቅጠሉን ያደርቃል፣ ላስቲኩን ያንቀጠቅጣል። ከዚያም በላይ ብዙዎቹ 380 ቮልት፣ ሦስት ፌዝ ናቸው። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ግን አብዛኛው አንድ ፌዝ ነው። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ይሻላል። እያንዳንዳቸው በሰዓት 8,500 ወይም 9,000 የሚያወጡ፣ ወርዳቸው 60 ሳንቲ አካባቢ የሆኑ፣ አንድ ፌዝ። ጠዋት አንዱ ብቻ ይሠራል፣ ቀትር ላይ ሁለተኛው ይጨመራል፣ አንዱ ቢበላሽም ቤቱ አይቃጠልም።

አየሩ የተለካው በምን ግፊት ነው? የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ምንም ሳይኖር የተለካ ነው። መረብና ክዳን ሲገጠምለት ይቀንሳል። ካታሎግ ካላቸው 25 ወይም 30 ፓስካል ላይ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። ካታሎግ ከሌለ ከተጻፈው ላይ ሩቡን ቀንሱና አስሉ። በሲኤፍኤም (በደቂቃ ኩቢክ ጫማ) ከተጻፈ በ1.7 ብታባዙት በሰዓት ሜትር ኩብ ይሆናል።

እርጥበትን መከላከያው፦ አይፒ (IP) 54 ወይም 55 የሚል ይፈለግ፤ ዲናሞው አቧራና ውሃን ምን ያህል እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው። ከዚህ ሁሉ ሐሳብ ውስጥ ሰው በቀላሉ የሚያልፈው ይህን ነው። ለሻወር ቤት ወይም ለወጥ ቤት የተሠራ ፋን ጠዋት ጠዋት ጠል የሚንጠባጠብበት ቤት ውስጥ አይቆይም። ለነገሩ ባለ 30 ሳንቲው የወጥ ቤት ፋን የሚያወጣው ከምንፈልገው አንድ አስረኛ ያህል ስለሆነ ቢቆይም አይጠቅምም።

ስለ ከፍታ አንድ ተጨማሪ ነገር። የዲናሞ አቅም የሚለካው በመደበኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ ስስ አየር ዲናሞውን በደንብ አያበርደውም። ደግነቱ ፋኑ የሚገፋው አየርም ስስ ስለሆነ ጭነቱ ይቀላል፣ አንዱ ሌላውን ያካክሳል። ቢሆንም ሁለት ዲናሞ ፊታችሁ ካለ ጠንከር ያለውን ውሰዱ።

በመጨረሻ በእጃችሁ አዙሩት። ምላጩ ሳይጮህና ሳይወላገድ መዞር አለበት። ኩሽኔታው ከተንኳኳ ይቅርባችሁ። ፋኑ ሲቆም ሰብሰብ ብሎ በራሱ የሚዘጋው የፋኑ ክዳን ቅጠሎቹ አሉሙኒየም ወይም ጋልቫናይዝድ ይሁኑ፤ ቀለም የተቀባ ተራ ላሜራ ሁለት ክረምት አያልፍም። መልሶ መለወጥ እንደሚቻል ደረሰኙ ላይ አጽፉ፣ በቃል አይሁን።

መብራት

ከቆጣሪው እስከ ግቢው ዳር ድረስ ለብቻው መስመር ይዘርጋ። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ለየብቻ ብሬከር፣ ኧርዝ፣ እና 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጥ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ መብራቱን የሚቆርጥ መሣሪያ)። እርጥብ መሬት ላይ ቆማችሁ ነው የምትሠሩት፤ እዚህ ላይ መቆጠብ የለም። ከምጣዱ መስመር ላይ ቀጥላችሁ አትሳቡ። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል፣ ዲናሞው እያቃሰተ ይግላል። ቮልት የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆነ የፋኑን የመነሻ ጭነት የሚችል ስታቢላይዘር ያስፈልጋል፤ ዲናሞ ሲነሳ ከወትሮው አራት እስከ ስድስት እጥፍ ነው የሚስበው። ጄኔሬተር ላይም ሁለቱን ፋን ባንዴ አታስነሱ።

መብራት መጥፋቱ ግን አይቀርም። ቀትር ላይ ከጠፋ ዝግ ቤት በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ስለዚህ ፋን የገጠመ ሰው እንኳ በእጅ የሚከፈት የጎን መጋረጃ ሊኖረው ይገባል፤ ቤት የሚውል ሰውም አከፋፈቱን ይወቅ። በሶላር በቀጥታ የሚሠሩ የዲሲ ፋኖችም አሉ። ፀሐይ ስትበረታ እነሱም ይበረታሉ፣ ጥሩ ግጥምጥም ነው። አቅማቸው ትንሽ ስለሆነ ለመጠባበቂያ ያዟቸው።

አቀማመጥ

ፋኖቹ አንዱ ጫፍ ላይ፣ መግቢያው ተቃራኒው ጫፍ ላይ። ፋኑ የሚተፋበት አቅጣጫ ነፋሱ የሚሄድበት ይሁን። ከፊቱ እስከ አጥሩ ድረስ ቢያንስ የምላጩን ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። 60 ሳንቲ ፋን ከሆነ 90 ሳንቲ፣ 1 ሜትር ቢሆን ይበልጣል። ግንቡ ከቀረበ የወጣው ሞቃት አየር ተመልሶ ይገባል።

ጎረቤትንም አስቡ። በደቂቃ 1,400 ጊዜ የሚዞር ፋን ከ900ው ይልቅ ይጮሃል። የእማማን መኝታ ቤት መስኮት ፊት ለፊት የሚተፋ ፋን የሰፈር ሽማግሌ ያስቀምጣል።

ፋን ሲሠራ የጣሪያው መክፈቻና ከፋኑ አጠገብ ያሉት የጎን መጋረጃዎች መዘጋት አለባቸው። አየር ሰነፍ ነው፤ በቅርቡ ካለው ቀዳዳ ይገባና ይወጣል፣ ሌላው የቤቱ ክፍል ታፍኖ ይቀራል።

ሙቀቱን ለክቶ ፋኑን የሚያስነሳው ቴርሞስታት መሀል ላይ፣ በአትክልቱ ቁመት ልክ ይንጠልጠል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ነጭ ሳጥን ውስጥ አድርጉት፤ ሳጥኑ ግን አየር ያሳልፍ። በሩ አጠገብ ወይም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ይዋሻችኋል። የመጀመሪያው ፋን 25 ዲግሪ ላይ፣ ሁለተኛው 28 ላይ እንዲነሱ አድርጉ።

ክረምትና ሌሊት

በሐምሌና በነሐሴ ችግሩ ሙቀት መሆኑ ይቀርና እርጥበት ይሆናል። ሌሊት ላስቲኩ ያልበዋል፣ ጠዋት ጠብታው ቅጠል ላይ ይወርዳል። ቅጠል ለረጅም ሰዓት ከረጠበ ምችና ግራጫ ሻጋታ ይገባሉ። ብዙ ሰው ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው ብሎ ቤቱን ይዘጋዋል፤ በሽታው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ፀሐይ እንደወጣች፣ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ አናቱን በጥቂቱ ክፈቱት። ያ ሰዓት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አየሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ፍሬው ግን ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ እርጥበቱ ላዩ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በፊት ማውጣት ነው።

እዚህ ላይ የሚረዳው አየሩን ቤቱ ውስጥ የሚያዞር ትንሽ ፋን ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በደቂቃ 0.6 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ ለእኛ ቤት በጠቅላላው በሰዓት 2,600 አካባቢ። 40 ሳንቲ የሆኑ ሁለት ትንንሽ ፋኖች ከበቂ በላይ ናቸው። አንዱ በቀኝ በኩል ወደ ፊት፣ ሌላው በግራ በኩል ወደ ኋላ ይንፉ፤ አየሩ ቤቱን ይዞራል። ቅጠሉ ሲወዛወዝ ሳይሆን በስሱ ሲነቃነቅ ልክ ነው። ከትልቁ ፋን በፊት ይህን ብትገዙ አልቃወምም፤ ለክረምት ጥቅሙ ይበልጣል።

ስለ ኩሊንግ ፓድ

አጭር ላድርገው። ለአዋሽ ወይም ለድሬዳዋ ሙቀት ይገባኛል። እዚህ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ የሚጠጣ ካርቶን ግድግዳ ላይ ማቆም፣ ጨው ሲይዘው መቀየር፣ ለፓምፑ ሌላ መብራት መክፈል፣ ለምን? የውጭው አየር 25 ዲግሪ ነው።

በዕጣን ፈትኑት

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ማጨሻ ላይ ዕጣን ጨምራችሁ መግቢያው አጠገብ በቅጠሉ ቁመት ልክ አስቀምጡት። ፋኑን አስነሱና ጭሱን ተከተሉት። በአትክልቱ መሀል ተስቦ እስከ ፋኑ ከሄደ ሥራው ተሳክቷል። በቀጥታ ወደ ጣሪያ ከወጣ አናቱ አልተዘጋም። ጥግ ላይ ከቆመና ከተንከባለለ እዚያ ትንሽ አዟሪ ፋን ይፈልጋል። ውጭ ወጥቶ በሌላ ጎን ከተመለሰ ደግሞ አጥሩ ቀርቧል ማለት ነው፤ ፋኑ ላይ ወደ ላይ የሚያዞር የላሜራ አፍ ይበየድለት። ማጨሻውን ችግኝ መደርደሪያው ውስጥም አዙሩት፤ ከላይ ነፋስ እያለ ከታች ምንም የማይንቀሳቀስበት ቤት ብዙ ነው።

ቺንጊያ ያለው ፋን ከሆነ የገዛችሁ ዕለት የቺንጊያውን ቁጥር ከላዩ ላይ አንብባችሁ ግድግዳው ላይ ጻፉት፣ ሁለት መጠባበቂያም ግዙ። ቺንጊያ የሚበጠሰው እሑድ፣ ሱቅ በሚዘጋበት ቀን ነው። የፋኑ ክዳን ቅጠሎች ላይ አቧራ ሲጠራቀም አይዘጉም፤ በወር አንዴ በደረቅ ጨርቅ ጥረጓቸው፣ ዘይት አታድርጉባቸው፣ አቧራ ይይዛል።